በስምንት ዋት ስፒከር መምረጥ

300ቢ የሚባል ቲዩብ (የመስታወት ማጉያ አምፖል) ያለው ሲንግል ኤንድድ አምፕሊፋየር፣ ማለትም ሙሉውን ድምፅ በአንድ ቲዩብ የሚያጎላው፣ በአንድ ቻናል የሚሰጠው 8 ዋት ገደማ ነው። 2ኤ3 ከሆነ ደግሞ 3.5 ዋት። ሰው የሚደነግጠው በዚህ ቁጥር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኢምፒዳንስ (በራሱ ውስጥ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካ) ነው፤ እሱ ሳይታወቅ ስፒከር ማማረጥ የጫማ ቁጥርን ሳያውቁ ጫማ እንደ መግዛት ይሆንብኛል።

ለመለካት ባለ 8 ኦምና ባለ 20 ዋት የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች፣ አንድ ቴስተር፣ ከስልክ የሚለቀቅ የ200 ኸርዝ ድምፅ ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ከወጣን ርካሽ ቴስተር ኤሲ ቮልትን በትክክል ላያነብ ይችላል። አምፕሊፋየሩ ላይ 8 ኦም ተብሎ በተጻፈበት መውጫ አንዱን ሬዚስተር አስሬ ድምፁን 2 ቮልት እስኪያሳይ ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ አጥፍቼ ሁለቱን ሬዚስተሮች በተከታታይ እቀጥላቸዋለሁ፤ 16 ኦም ሆኑ ማለት ነው። የድምፅ መቆጣጠሪያው እንደነበረ ይቆያል። ቲዩቡ እንደገና ሲሞቅ ቴስተሩ 2.22 ቮልት አሳየ እንበል። 2.22 ለ2 ሲካፈል 1.11 ይመጣል። ከዚህ ላይ 1 ቀንሶ በ16 ማብዛት፣ የተገኘውን ደግሞ 1.11 ከ2 ሲቀነስ በሚተርፈው 0.89 ማካፈል ነው፤ ወደ 2 ኦም ይመጣል። ፊድባክ (ከመውጫው ጥቂቱን ወደ መግቢያው መልሶ ስሕተትን የሚያርም ዘዴ) ለሌለው ሲንግል ኤንድድ ይህ የተለመደ ቁጥር ነው። ሬዚስተሩን ነቅሎ ባዶውን መለካት ይቀላል የሚል አይጠፋም። ቲዩብ አምፕሊፋየር ያለ ጭነት ድምፁ ከፍ ብሎ ከሠራ ግን በመውጫው ትራንስፎርመር ጥቅል ውስጥ ከባድ ቮልቴጅ ይነሣና ኢንሱሌሽኑን ይበሳል። ትራንስፎርመሩ ከጠቅላላው ዕቃ ውድ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ አልሞክረውም።

እነዚያ 2 ኦሞች ምን ያደርጋሉ? ጀርባው ላይ “8 ኦም” የተጻፈበት ስፒከር በሁሉም ድምፅ 8 ኦም አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ወደ 4 ይወርዳል፣ ቤዙ በሚያስተጋባበት ቦታ ደግሞ 40 ሊደርስ ይችላል። 4 ኦም በሆነበት ቦታ አምፕሊፋየሩ ውስጥ 3.5 ዴሲቤል ይጠፋል፤ 40 በሆነበት 0.4 ብቻ። በመካከሉ የ3 ዴሲቤል ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ሠሪው በትራንዚስተር አምፕሊፋየር አስተካክሎ ያወጣው ድምፅ ቤት ሲገባ ቤዙ ይጎረናል፣ የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ ወይ ወደ ኋላ ይሸሻል ወይ ወደ ፊት ይገፋል። ከዚያ ጥፋቱ በቲዩቡ ይሳበባል፤ ቲዩብ ይለወጣል፣ ገመድ ይለወጣል፣ ጉርናቱ ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የማየው የስፒከሩን የኢምፒዳንስ ግራፍ ነው። ዝቅተኛው ከ6 ኦም ባይወርድ፣ ከፍተኛው ከ25 ባይዘል ደስ ይለኛል። ዝግ ሳጥን በቤዙ አካባቢ አንድ ጉብታ ብቻ ያሳያል፤ ቀዳዳ ያለው ሁለት። ባለ ሦስት መንገድ (ድምፁን ለታችኛው፣ ለመካከለኛውና ለላይኛው የሚከፍል) ሆኖ ሁለት ዉፈር (የቤዝ ድምፅ ማውጫ) በትይዩ የታሰረበት ብዙ ጊዜ 3 ኦም ድረስ ይወርዳል። ያንን ሁለት ቲዩብ ተጋግዘው ለሚሠሩበት፣ ዋቱ ከፍ ላለው የፑሽ ፑል ኢኤል34 አምፕሊፋየር እተወዋለሁ።

ወደ ሴንሲቲቪቲው (ስፒከሩ በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ) ስንመጣ ወረቀቱ ያታልላል። “90 ዴሲቤል በ2.83 ቮልት” ከተባለ፣ 2.83 ቮልት ለ8 ኦም 1 ዋት ነው፤ ለ4 ኦም ግን 2 ዋት ነው። ስለዚህ የ4 ኦሙ ስፒከር በእውነት 87 ነው። ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል፦ 88 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ8 ዋት 97 ይደርሳል፤ ሁለት ስለሆኑ 3 እጨምራለሁ፤ ምንጣፍና ሶፋ ባለበት ክፍል 3 ሜትር ርቀት ላይ 6 ያህል እቀንሳለሁ። 94 ቀረ። ይህ ግን የጫፉ ድምፅ ነው። ሙዚቃው ጫፉ ከአማካዩ በ15 ዴሲቤል ከፍ የሚል ከሆነ አማካዩ 79 ላይ ይቀመጣል። ለክራርና ለአንድ ድምፃዊ ያጠግባል፤ የነሐስ መሣሪያ ለበዛበት ባንድ አይበቃም። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ 2 ዴሲቤል ያህል ይቀንስ፤ በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ያው ኮን (የስፒከሩ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ያንኑ ያህል ተንቀሳቅሶ የሚፈጥረው ግፊት ያንሳል። ይህን የሚያስታውስ ወረቀት አላየሁም።

የቢቢሲው ትንሽ ስፒከር ኤልኤስ3/5ኤ 83 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቁ የሆርን (የመለከት ዓይነት) ስፒከር ክሊፕሽሆርን ከ100 በላይ። ልዩነቱ ከ20 ዴሲቤል ካለፈ ከ100 እጥፍ በላይ ዋት ማለት ነው። አንዱ መጥፎ አንዱ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። የመጀመሪያው በማስተላለፊያ መኪና ውስጥ ከአጠገብ እንዲደመጥ ተሠራ፤ ሁለተኛው አምፕሊፋየር ጥቂት ዋት ብቻ በነበረው ዘመን የክፍሉን ጥግ ራሱን የሆርኑ ቅጥያ አድርጎ ተሠራ። ጠንካራ ግድግዳ ያለው ባዶ ጥግ የሌለው ቤት ለክሊፕሽሆርን አይሆንም።

ፉልሬንጅ የሚባለው፣ አንድ ኮን ብቻ ያለው ስፒከር፣ ለቲዩብ ይመከራል፤ ክሮስኦቨር (ድምፁን ለተለያዩ ኮኖች የሚያከፋፍል ሰርኪዩት) የለውምና ጭነቱ ቀላል ነው። ሆኖም ላይኛው ድምፅ ላይ ኢምፒዳንሱ ይወጣል፣ ያኔ ድምፁ ይበልጥ ሹል ይሆናል። ይህን ሬዚስተርና ካፓሲተር በተከታታይ አድርጎ ከስፒከሩ ጋር በትይዩ በማሰር መግራት ይቻላል። የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ሬዚስታንስ 6 ኦም፣ ኢንዳክታንሱ 0.5 ሚሊሄንሪ ከሆነ 7.5 ኦምና 9 ማይክሮፋራድ አካባቢ ይበቃል። ካፓሲተሩ ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ባይፖላር (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የማይለይ) መሆን አለበት።

ሌላው ነፃ ሙከራ መውጫውን መቀየር ነው። ባለ 8 ኦሙን ስፒከር በ4 ኦሙ መውጫ ላይ ማሰር ቲዩቡ የሚያየውን ጭነት እጥፍ ያደርገዋል፤ ጥቂት ዋት ይቀንሳል፣ ነገር ግን መዛባቱ ይቀንሳል፣ የመውጫ ኢምፒዳንሱም ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ቤዙ ጠበቅ ይላል። ከመግዛት በፊት ይህን ማድረግ ነው።

ለማድመጥ የበገና ቅጂ ይዤ እሄዳለሁ። ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቆዳ የሚያወጣው እዝዝታ ከታችኛው ድምፅ ጋር አንድ ላይ መምጣት አለበት። እዝዝታው ተነጥሎ ከፊት ከመጣ ላይኛው ክፍል በዝቷል፤ አንዱ አውታር ብቻ ከሌሎቹ ጎልቶ ከጎረነ ደግሞ የቤዙ ጉብታ ነው፣ የዚያን ጊዜ መውጫውን ወደ 4 ኦም አዛውሬ ያንኑ አውታር እንደገና አደምጣለሁ። ድምፁን ከፍ ሳደርግም መሰንጠቅን አልጠብቅም፤ ቲዩብ ሲጨርስ ይታፈናል እንጂ አይጮህም፣ ስለዚህ መዝሙሩ ከፍ ባለ ቁጥር የዘማሪው ቃል ግልጽነቱን እያጣ ከሄደ ዋቱ አልቋል፣ ስፒከሩም ለዚያ ክፍል አይሆንም።