የ28 ዓመቱ ሊቀ መንበር

የተሳታፊዎችን ስም ዝርዝር ከጽሕፈት ቤት አትቀበሉ። ለጥናት ሥራ አዲስ ለሆኑ ልጆች ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንን ነው። እኔ ግን እቀበላለሁ። ያለ ደብዳቤ የማዕከሉ በር አይከፈትም፤ ደብዳቤው የሚጻፈው ደግሞ ዝርዝሩን ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ካዘጋጀው ብቻ ነው። ምክሩ ጥሩ ምክር ነው፤ የማይሠራ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. እዚሁ ሐዋሳ ነው። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የወጣት ማዕከላት አገልግሎት ማን ዘንድ እንደሚደርስ ያስጠናል። ዋናው አማካሪ ከአዲስ አበባ የመጡ ዶክተር ናቸው፤ የመስክ አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። በቢጋሩ፣ ማለትም ጥናቱ እንዴት እንደሚሠራ በሚወስነው ሰነድ ላይ፣ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር፤ በቡድን ውይይት የሚሳተፍ ከ15 እስከ 29 ዓመት የሆነው ወጣት፣ እንዲሁም በቁልፍ መረጃ ሰጪነት የሚጠየቅ ማኅተም ያለው ኃላፊ። ሦስተኛ ዓይነት ሰው አልታሰበም።

ዝርዝሩ መጣ። በከተማችን ስለ ወጣት ያጠና ሰው እነዚያን ስሞች ያውቃቸዋል። ስለ ሥራ አጥነት ሲጠና እነሱ ናቸው፤ ስለ ሱስ ሲጠና እነሱ ናቸው፤ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤናም እነሱው ናቸው። ወንበሩን ሳይነገራቸው በክብ ይደረድሩታል። የፈቃድ ቅጹን አንብቤ ሳልጨርስ ፈርመው ይመልሱልኛል። መቅጃውን ስከፍት ድምፃቸው ይወፍርና "የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ በስፋት ሊሠራ ይገባል" ይላሉ፤ ስዘጋው ደግሞ "አበሉ ዛሬ ነው ወይስ በባንክ የሚገባ?" ብለው ይጠይቃሉ። የእውነት ድምፃቸው ይህ ሁለተኛው ነው፤ እሱን ግን አንቀዳም።

በዝርዝሩ አራተኛው ሰው ሊቀ መንበር ነው። ስሙን ልተወው፤ በስሙ የሚጠራውም የለም። የምን ሊቀ መንበር እንደሆነ እንደ ዘመኑ ይለያያል። በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበብ ሊቀ መንበር ነበር፤ ቀጥሎ የኮብልስቶን ማኅበር፤ በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብሩ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመጣ ደግሞ የዶሮ እርባታ ማኅበር። ማኅበራቱ ይፈርሳሉ፤ ሊቀ መንበርነቱ ይቀጥላል።

ቅጹን ተቀብዬ አየሁት። የልደት ዘመን በሚለው ቦታ 1987 ብሎ ሞልቷል። ሲሰላ 28 ዓመት ይሆናል ማለት ነው። ቀና ብዬ እሱን አየሁ። ጢሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ሽበትስ በልጅነትም ይወጣል፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ 34 ዓመቴ ነበር፤ እሱ ደግሞ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ከፊታችን ቆሞ የፀረ ኤድስ ግጥም ያነበበ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው።

በልጆቹ ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም። ወደ ውጭ ጠራሁትና ጆተኒው አጠገብ ቆምን።

"ሊቀ መንበር፣ በዚህ ስሌት እኮ ያንን ግጥም ያነበብክልን በዘጠኝ ዓመትህ ነው" አልኩት።

ምንም አልደነገጠም። "በፈረንጅ ነው የሞላሁት" አለኝ።

"ምኑን?"

"ዘመኑን። በእኛ 1979 ነው፤ በፈረንጅ 1987። ፓስፖርት ላይም በፈረንጅ ነው የሚጻፈው። ለመሆኑ ሪፖርታችሁን በየትኛው ነው የምትጽፉት?"

"በፈረንጅ።"

"እኔም ለሪፖርቱ ብዬ ነው።"

መልስ አጣሁ። ሰውየው አልዋሸም፤ ቅጹም በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሞላ አይናገርም። ብቻ እኛ 2015 ብለን ስንቀንስ እሱ ስምንት ዓመት አተረፈ። በልቤ ትንሽ አደነቅሁት፤ በአፌ ግን ቢጋሩን አነሳሁ።

"29 ካለፈህ በቡድኑ ውስጥ ላስቀምጥህ አልችልም" አልኩት።

"በየትኛው?" አለ፤ "በፖሊሲው ነው ወይስ በቻርተሩ? በእኛ ፖሊሲ 29 ነው። በአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ግን እስከ 35 ነው። የተባበሩት መንግሥታትን ከያዝሽ ደግሞ 24 ላይ ያበቃል፤ ያኔ ውስጥ ከተቀመጡት ግማሾቹን ታስወጫለሽ።"

ሦስቱንም በትክክል ነው የተናገረው። እኔ ሪፖርት ላይ ስጽፋቸው ሁልጊዜ ሰነድ ከፍቼ አረጋግጣለሁ።

"በቻርተሩም ቢሆን አንድ ዓመት አልፎሃል" አልኩት። እልህ ውስጥ ገብቼ ነበር።

የጆተኒውን ዘንግ ይዞ አንዴ አሽከረከረው። የእንጨት ተጫዋቾቹ ግማሾቹ ራስ የላቸውም።

"እህቴ፣ ፖሊሲው የወጣው በ1996 ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ለእኔ ነው የተጻፈው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ለእኔ የታሰበ ነው። መዝናኛ፣ ሥልጠና፣ ብድር፣ ተሳትፎ። እስካሁን የደረሰኝ ተሳትፎው ብቻ ነው። ታዲያ ሌላው ሳይደርሰኝ ጥዬው ወዴት ልሂድ?"

ቀልድ ነበር፤ እየሳቀ ነው የተናገረው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን አስወጣሁት፤ አበሉን ፈርሞ ይውሰድ ብዬ ወደ ሒሳብ ሠራተኛው ላክሁት። ማስወጣቴ ትክክል ነበር። ዛሬም ይህንኑ ነው የምለው።

እሱ ሲወጣ ውይይቱ የሚነቃቃ መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች በተለመዱት ዓረፍተ ነገሮች ተመለሱ፤ ግንዛቤ፣ ቅንጅት፣ የባለድርሻ አካላት ትኩረት። ማዕከሉ በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ተከፍቶ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። እሑድ ዝግ ነው። "ሰዓቱ ይመቻችኋል?" አልኩ። "ይመቸናል" አሉ በአንድ ድምፅ።

በር አጠገብ አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። ዝርዝሩ ላይ የሌለች ናት፤ በቀረች ተሳታፊ ምትክ ጓደኛዋ ይዛት የመጣች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነበረች። በ2014 ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስትወጣ መጀመሪያ የነበረችበት ድርጅት ቀነሳት፤ አሁን በሌላ ሼድ ውስጥ ትሠራለች። በሳምንት ስድስት ቀን ነው የሚሠሩት፤ የዚያን ዕለት የመጣችው ፈረቃዋ ሌሊት ስለነበር ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

"አንቺስ ወደ ማዕከሉ በየትኛው ቀን ነው የምትመጪው?" አልኳት።

"እሑድ።"

"እሑድ ዝግ ነው አይደለም እንዴ?"

"ሊቀ መንበር ይከፍትልናል" አለች። ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸመቻት።

ቀስ እያለ ወጣ። እሑድ እሑድ አዳራሹ ለሰርግ ይከራያል። ግቢው በዚህ ሰበብ ይከፈታል። ሊቀ መንበር ለሰርጉ ወንበር ለመደርደር በቀን ሒሳብ ይቀጠራል፤ ደርድሮ ሲጨርስ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከዘበኛው ይቀበልና በጓሮ በር ይከፍታል። የፓርኩ ልጆች ይመጣሉ። ለአራት በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ከሌሊት ፈረቃ ገብተው ስለሚተኙ የተቀሩት የሚቀመጡበት የላቸውም። በከተማው ደግሞ ሳያዝዙ የሚያስቀምጥ ቦታ የለም፤ ሐይቁ ዳር እንኳን ለስላሳ ካልተከፈተ አስተናጋጁ ቆሞ ያያችኋል። እዚህ ግን ማታ የሚማሩት ያጠናሉ፤ አንዷ የሥራ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ ሌላዋ ዝም ብላ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ትተኛለች። እሱ በር ላይ ተቀምጦ ስማቸውን በደብተር ይመዘግባል፤ ወንድ ልጅ ሊያስቸግር ከመጣ ይመልሳል። ሰርጉ አልቆ ሙዚቃው ሲቆም እሱም ይቆልፋል።

ማስታወሻዬን እስከ ዳር ሞላሁት። መስክ ላይ ብዙ ውይይት መርቻለሁ፤ የወጣት ሥራ የሚባለውን ነገር ከቢጋር ውጭ በሰው እጅ ሲሠራ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። የሠራው ሰው ደግሞ በሒሳብ ሠራተኛው በኩል ተሸኝቶ ሄዷል። እሱ እዚያ ቢቀመጥ ኖሮ ልጅቷ አፏን አትከፍትም ነበር፤ ስለዚህ ማስወጣቴ ትክክል ነበር ብያለሁ።

ማታ ለዶክተሩ ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝና "የት እናስገባዋለን?" አሉ። ወጣት አይደለም፤ ኃላፊ አይደለም፤ ደመወዝ ስለሌለው አገልግሎት ሰጪም አይባልም። ሳጥን የለውም። እኔ ግን ግትር ብዬ ግኝቱን አንድ ገጽ አድርጌ ጻፍኩት፤ ምክረ ሐሳቡም አጭር ነበር፦ ማዕከሉ እሑድ ይከፈት፣ በር ላይ የሚቀመጠው ሰውም ይከፈለው።

በረቂቁ ላይ ገጹ ወደ አንድ አንቀጽ ወረደ። በመጨረሻው ሪፖርት ላይ "የወጣቶችን ነባራዊ ሁኔታ ያገናዘበ የአገልግሎት ሰዓት ማመቻቸት" የሚል አንድ መስመር ሆነ። ዶክተሩን ስጠይቃቸው "ብንጽፈው እኮ ቁልፉን ይቀሙታል" አሉኝ። ክፉ ምክንያት አይደለም፤ እንዲያውም ትክክል ሊሆን ይችላል። ብቻ ምክንያቱ የመጣላቸው ከሰረዙት በኋላ፣ እኔ ስጠይቃቸው ነው።

የማረጋገጫ ዎርክሾፑ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ተካሄደ። የተሳታፊዎችን ዝርዝር እንደተለመደው ጽሕፈት ቤቱ ላከ፤ "የወጣት ተወካይ" በሚለው ሥር ሊቀ መንበር ተቀምጧል። ኮት ለብሶ መጣ። ዶክተሩ ገለጻቸውን ሲጨርሱ እጁን አወጣ።

"በቅድሚያ ጥናቱ ወጣቱን ያሳተፈ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባል" ብሎ ጀመረ። ወደ እኔ አላየም። "አንድ ጥያቄ አለኝ። የአገልግሎት ሰዓት ማመቻቸት የሚለው በየትኛው ቀን ለማለት ነው? ለምሳሌ እሑድ ቢሆን?"

ዶክተሩ ውኃ ጠጡ። ከመድረኩ የተቀመጡት ኃላፊ ማይክሮፎኑን ወሰዱ። ጥያቄው በጣም ጠቃሚ እንደሆነ ገለጹ፤ የእሑዱ ጉዳይ ግን በጀትና የሰው ኃይል የሚነካ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጥናት እንደሚያስፈልገው ተናገሩ። ተጨበጨበ። ሊቀ መንበርም አጨበጨበ።

እኔ ከዚያ ሁሉ ሥራ የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው፤ በየመጠይቁ ላይ ከልደት ዘመን ቀጥሎ "በኢትዮጵያ ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር" የሚል ሳጥን አስጨምሬአለሁ። ዶክተሩ የመረጃ ጥራትን የሚያሻሽል እርምጃ ነው ብለው አመሰገኑኝ።

በምሳ ሰዓት ከሊቀ መንበር ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኘን። ከፊቱ የተጠበሰ ቆሮሶ አለ፤ አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀመ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራል።

"ራሱን የቻለ ጥናት ተባለ" አለኝ ደስ እያለው። "እንግዲህ ትጠሪኛለሽ።"

"በሚመጣው ዓመት በአንተ ስሌት 29 ትሞላለህ። ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ በቻርተሩ ነኝ" አለ። "እስከ 2022 አታስቢ።"

በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልጠየቅሁትም።