ሥዕሉን ሸፍኖ ማንጋ ማንበብ

ጃፓንኛ ስማር ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) የማነበው ሥዕሉን በወረቀት ሸፍኜ ነበር። ንግግሩን ብቻ አይቼ ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ እገምታለሁ። ከዚያ ወረቀቱን አነሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግምቴ ልክ ይሆናል።

ዋናው ፍንጭ "እኔ" ነው። ጃፓንኛ ብዙ "እኔ" አለው። "ኦሬ" የሚለው ደፋር ወንድ ነው። "ቦኩ" ለስለስ ያለ ወንድ ወይም ትንሽ ልጅ፣ "አታሺ" ሴት፣ "ዋሺ" ደግሞ ሽማግሌ ወይም ፕሮፌሰር ነው። ቀጥሎ የዓረፍተ ነገሩን ጫፍ ማየት ነው። "ካሺራ" እና "ዋ" የሴት፣ "ዞ" እና "ዜ" የወንድ ናቸው። እኛ "ነህ"፣ "ነሽ" ስንል ጾታው የሚታወቀው የሰሚው ነው። እዚያ ተናጋሪው የራሱን ይናገራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን መልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

የቋንቋ ምሁሩ ሳቶሺ ኪንሱይ እንዲህ ያለውን አነጋገር "ያኩዋሪጎ" ብሎታል፤ የሚና ቋንቋ እንደማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት። በአንድ በኩል ማንጋ ላይ ያየሁትን፣ በሌላው ጃፓናውያን ሲያወሩ የሰማሁትን እጽፋለሁ። በ"ካሺራ" የምትጨርስ ወጣት ሁለተኛው በኩል የለችም ማለት ይቻላል። "ዋ"ን ደግሞ የኦሳካ ወንዶችም ይሉታል። ስለዚህ ጀማሪዎች ሲጠይቁኝ ማንበቡን ከማንጋ፣ አነጋገሩን ከሰው ተማሩ እላለሁ።

ይህ "የሴት አነጋገር" የመጣበት መንገድ ደግሞ ይገርማል። "ተዮ" እና "ዳዋ" እያሉ መጨረስ በሜይጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1912) የተማሪ ልጃገረዶች ፋሽን ነበር። ደራሲው ኦዛኪ ኮዮ እ.ኤ.አ. በ1888 ነቅፎ ጽፎበታል። ቆይቶ ግን ያው የተነቀፈው አነጋገር የጨዋ ሴት ምልክት ሆነ። ሴት በተፈጥሮዋ እንዲህ ትናገራለች የሚለኝን ሰው ከዚያ ወዲህ አላምነውም። ከሁሉ የሚከፋኝ ግን የቶሆኩ ቀበልኛ ነገር ነው። ሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ያሉ ሰዎች ከእናታቸው የሰሙት ቋንቋ ማንጋ ላይ ሲደርስ የባላገር መለያ ይደረጋል። ይህ ያሳዝናል።

ጎበዝ ደራሲ ግን በዚሁ ልማድ ይጫወትበታል። "መርማሪ ኮናን" በተባለው ማንጋ ላይ ወደ ትንሽ ልጅነት የተለወጠው ሺኒቺ ምስጢሩን በማያውቁት ፊት "ቦኩ" ይላል። ከሚያውቁት ጋር ሲሆን ወደ "ኦሬ" ይመለሳል። አሁን ደብተሬ ላይ በቀይ የማሰምረው ይህንኑ ነው፦ አንድ ገጸ ባሕርይ "እኔ" የሚልበትን ቃል የቀየረበትን ገጽ፣ እና ያኔ አጠገቡ ማን እንደነበረ።