ክትባቱ ከመቶ በላይ፣ ያልተከተቡት ልጆች ወንዝ ማዶ

የምሠራው አማራ ክልል ውስጥ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ፣ መረጃ ክፍል ነው። በእኛ ሥራ ሁሉም የሚያውቀው ግን ማንም ጮክ ብሎ የማያነሳው ነገር አለ፤ የክትባት ሽፋን በሪፖርት ከመቶ በመቶ ሲያልፍ። ከመቶ ልጅ መቶ አሥሩ ተከተበ እንደ ማለት ነው። የዕቅዱ ሕዝብ ቁጥር የሚሰላው ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ተነስቶ በየዓመቱ በሚጨመር ግምት ነው። ቀበሌው ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ገብቶበት ስንት ሰው ወጥቶበታል። አካፋዩ፣ ማለትም ይህ የሕዝብ ግምት፣ ልክ ካልሆነ መቶኛውን ማየት ድካም ብቻ ነው።

ስለዚህ መቶኛውን ትቼ መዝገቡን ያዝኩ። ከእያንዳንዱ ልጅ ስም ጋር የሚኖርበት ጎጥ ተጽፏል፤ ሪፖርቱ የጤና ተቋማት ቁጥር ወደሚሰበሰብበት የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ወደ ዲኤችአይኤስ ቱ፣ ሲገባ ግን ጎጡ እዚያው ይቀርና የጤና ኬላው ድምር ብቻ ይሄዳል። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብለን፣ ፔንታ አንድ (አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት የመጀመሪያ ዙር) ወስደው ዘጠኝ ወር ሲሞላቸው ኩፍኝ ያልተከተቡትን በየጎጣቸው በእስክርቢቶ ለቀምን። ለማካፈያ ደግሞ ግምቱን ሳይሆን እሷ በየቤቱ ዞራ የሞላችውን የቤተሰብ ማህደር ተጠቀምን።

ለጤና ኬላው ቅርብ የሆኑት ጎጦች ደህና ናቸው። ወንዝ ማዶ ያሉት ሁለቱ ፔንታን ጀምረው ኩፍኝ ላይ ቀርተዋል። በስብሰባ ላይ የተለመደችው መልስ ወዲያው መጣች፦ «የግንዛቤ እጥረት ነው»። ግንዛቤ ከሌላቸው ፔንታን ማን አስጀመራቸው?

ተሻግረን ጠየቅን። አንዲት እናት እንዲህ አለችን፦ «አዝዬው ሁለቴ መጣሁ። ‹ልጆች አልሞሉም፣ ለሚቀጥለው ነይ› አሉኝ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ወንዙ ሞላ።»

ነገሩ ያለው «አልሞሉም» ላይ ነው። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ ይመጣል። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። ባለሙያዋ ለሁለት ልጅ ብላ ከከፈተች ብክነት ይጻፍባታል፤ ስለዚህ ትጠብቃለች። ሰው በበዛበት ጎጥ አሥር ልጅ ቶሎ ይሞላል፣ በተበታተነው አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ለአንድም ልጅ ቢሆን ይከፈት ነው፤ ብክነቱም ክትባት ሲታቀድ አስቀድሞ የሚያዝ ነው።

በወርሃዊው የአፈጻጸም ግምገማ መቶኛ ሳይሆን የልጆቹን ስም ዝርዝር ይዤ ገባሁ። ይህን ለማንም እመክራለሁ። ትንሽ ጎጥ ውስጥ አንድ ልጅ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ መቶኛው ይዘላል፣ ክርክሩም ቁጥሩ ላይ ይቀራል። «የእገሌ ልጅ አልተከተበም» ሲባል ግን ክርክር የለም፤ የሚጠየቀው ማን ይሂድ የሚለው ነው። ሁለት ነገር ተስማማን፦ ብልቃጡ ለአንድም ልጅ ይከፈት፤ ወንዙ ሳይሞላ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ ክትባቱ ወደ ማዶ ይሻገር። ከዝርዝሩ አብዛኞቹ ተከተቡ። እንደተፈራውም ብክነታችን ከፍ አለ፣ ከበላይ ቁጥጥር (ሱፐርቪዥን) ሲመጣም ተጠየቅን። የልጆቹን ዝርዝር አያይዘን አሳየን።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። መረጃው ባለሙያዋን ለመገሰጫ ከዋለ በሚቀጥለው ወር ያማረ ቁጥር ይመጣል፣ እውነቱም እዚያው ያበቃል። እኛ ጋ ነገሩ የሠራው መዝገቡን የምትሞላው እሷ ስለሆነች፣ ዝርዝሩንም ቀድማ ያየችው እሷ ስለሆነች ነው።

የቀረን ማህደር ያልተከፈተላቸው ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸው በቅርብ ከሌላ ወረዳ መጥተው መሬት በእኩል የሚያርሱ፣ ወይም ለቀን ሥራ የገቡ። መዝገብ ውስጥ ስለሌሉ እኛ የለቀምንበት ዘዴ አያገኛቸውም። ለእነሱ የተለየ ዝርዝር ጀምረናል፤ በየወሩ ቀበሌው ከሚያውቃቸው አዲስ ገቢዎች ጋር እናመሳክረዋለን።