የናርሲሶ ማርቲኔስን ፖልካ ስለማመድ ግራ እጄን ለምን ዝም አሰኘሁት

የቴክሳስ ሜክሲኳዊ አኮርዲዮን ተጫዋች የናርሲሶ ማርቲኔስን የ1936 (እ.ኤ.አ.) ሸክላዎች የተለማመድኩት በሶልና በዶ በተቃኘ ባለ ሁለት ረድፍ አኮርዲዮን ነው። እሱም በአንድ ረድፍ ጀምሮ በ1935 ሆነር የተባለው ፋብሪካ ወደሚሠራው ባለ ሁለት ረድፍ አኮርዲዮን ተሻግሯል። በመስመር በመስመር ስከተለው፣ በግራ እጅ የሚነኩትን የቤዝ (የወፍራም ድምፅ) ቁልፎች የተወበት ምክንያት በጣቴ ገባኝ።

አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲገፋና ሲሳብ የተለያየ ድምፅ ይሰጣል። በሶል ረድፍ ላይ ሶል ሲገፋ፣ ላ ሲሳብ፣ ሲ ሲገፋ፣ ዶ ሲሳብ፣ ሬ ሲገፋ፣ ሚ ሲሳብ ይወጣል። እስከዚህ እንደ መተንፈስ ነው። ቀጥሎ ያለው ፋ ሻርፕ ግን እሱም የሚወጣው በመሳብ ነው፤ እጅ በለመደው ሲገፋ ሶል ቀድሞ ይጮኻል። የመጀመሪያ ስህተቶቼ አብዛኞቹ እዚችው ላይ ነበሩ።

ፖልካው ሲፈጥን በየድምፁ ወናፍ መቀያየር ዜማውን ይቆራርጠዋል። ሬ፣ ዶ፣ ሲ ስወርድ ዶን ከሁለተኛው ረድፍ ወሰድኩት፤ ሦስቱም በአንድ ግፊት ወጡ። ችግሩ በግራ በኩል መጣ። ኮርዱ ሬ ሲሆን የሬ ቤዝ የሚገኘው በመሳብ ብቻ ነው፤ ቀኝ እጅ እየገፋ ከሆነ ያው ቁልፍ ሶልን ያሰማል። ሁለቱን ለማስታረቅ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ማርቲኔስ አላስታረቀም። ቤዙን አብሮት ለሚጫወተው ለሳንቲያጎ አልሜይዳ ባሆ ሴክስቶ፣ ጊታር መሰል መሣሪያ፣ ተወለት፦ በስድስት ጥንድ የተደረደሩ 12 ክሮች፣ ቅኝቱ ከወፍራሙ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ። ምቱ ላይ ወፍራሙ ክር፣ ቀጥሎ ኮርዱ። እኔ ይህንኑ በጊታር ቀድሜ ቀርጬ በላዩ ተጫወትኩ። ጊታርን በባሆ ሴክስቶ የኮርድ አያያዝ መጫወት ግን አይሆንም፤ ቀጫጭኖቹ ሁለት ክሮች ሲና ሚ ስለሆኑ ኮርዱ ይበላሻል።

በ1911 በሜክሲኮዋ ሬይኖሳ ተወልዶ ከድንበሩ ማዶ በቴክሳስ ከቦታ ቦታ በሚዘዋወሩ የእርሻ ሠራተኞች ቤት ላደገ፣ ትምህርት ቤትም እምብዛም ላላየ ሰው፣ ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው። ፍጥነቱን ብዙዎች ያደንቃሉ፤ እኔ የማደንቀው የተወውን ነው። ሸክላው ስም ቢያወጣለትም ከጉልበት ሥራ አላወጣውም።

ግራ እጅ ግን ሥራ አይፈታም፤ ወናፉና በአውራ ጣት የሚጫነው የአየር ቁልፍ የእሱ ናቸው። ግፊት የበዛበት ሐረግ ወናፉን ቶሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ አንድ ስንዝር ከፍቼ እጀምራለሁ፤ መሳቢያ ድምፅ ሲመጣ የአየር ቁልፉን ለቅጽበት ነካ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ከዚያ በላይ ከቆየሁበት ድምፁ ይሰልላል። ሜትሮኖሙን (የምት መቁጠሪያውን) በደቂቃ ከ60 ምት ጀምሬ በ5 በ5 ነው የጨመርኩት፤ አየሩ ባለቀብኝ ቁጥር አንድ ደረጃ እመለሳለሁ።