ባለ አንድ ዓይኑ ደላላ

ካርቱን መሣል የጀመርኩት ማንጋ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን በስልኬ እየከፈትኩ በመገልበጥ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል የሣልኳቸው ልጆች ሁሉ ዓይናቸው የፊታቸውን ግማሽ የሚይዝ፣ ፀጉራቸው የሾለ፣ የሚኖሩትም እኔ በእግሬ ረግጬው በማላውቀው ከተማ ነበር። እጄ እንደ ተፍታታ አልክድም፤ ነገር ግን በቴሌግራም ቻናሌ ስለጥፋቸው የሚያዩት የሰፈሬ ልጆች «ጎበዝ» ከማለት በቀር የሚሉት ነገር አልነበራቸውም።

ኢንክቶበር የሚባለውን፣ አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄክ ፓርከር በፈረንጆች 2009 የጀመረውን ልማድ ስሰማ ገባሁበት። ደንቡ በኦክቶበር 31 ቀናት፣ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ድረስ፣ በየቀኑ አንድ ሥዕል በብዕር ቀለም ሠርቶ ለሰው ማሳየት ነው። እኔ 19 ብቻ ሠራሁ። ቢሆንም በእስክሪብቶ የተሠመረ በላጲስ ስለማይጠፋ፣ የተበላሸውንም ጨምሬ መለጠፍ የለመድኩት ያኔ ነው። ከ19ኙ ውስጥ ሰው የተቀባበለው አንዱን ብቻ ነበር፤ በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ብሮቹን በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መካከል የሰካውን ረዳት።

ይህን ካየሁ በኋላ የአገሬን ሥዕል ፍለጋ ኢንተርኔት ስቆፍር፣ አንድ የውጭ ሙዚየም ካሰባሰባቸው ሥራዎች መካከል የንግሥተ ሳባን ታሪክ አገኘሁ። ሸራው ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ታሪኩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከየክፍሉም ጋር የሆነው ነገር በአማርኛ ይጻፋል። ካርቱን ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? በቸርችል ጎዳና የባህል ዕቃ መደብሮች ተሰቅሎ በየቀኑ የማልፈውን ሸራ ለማየት በባዕድ አገር ድረ ገጽ በኩል መዞሬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እዚያው ያጠናሁት ሌላው ነገር የዓይን ሕግ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ በዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ወገን ፊት ለፊት ሲያይ ጣሊያኑ በጎን ነው። እኔም ይህን ተውሼ ባለ አራት ክፍል የቤት ደላላ ሣልኩ፤ ኮፍያ ያጠለቀ፣ በሁለት ጆሮው ሁለት ስልክ የደገነ፣ አንድ ጊዜም ፊቱን የማያዞር። እናቴ ስልኬን ተቀብላ፣ መነጽሯን ስላላደረገች ጽሑፉን ሳታነብ፣ «ይኼ ደግሞ ማንን ሊያታልል ነው?» አለችኝ።

ጽሑፉ ግን ጉድ ሠራኝ። በመጨረሻው ክፍል ደላላው ለተከራዩ «ባለቤቱ እኮ ቤቱን ሸጠው» ይለዋል። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ሥዕል ስለሚያሳንሰው፣ እኔም ፊደሉን በቀጭን ብዕር አጣብቤ ስለ ጻፍኩት፣ ከ«ሸ» አናት ላይ ያለችው ሠረዝ ጠፍታ «ሰጠው» ሆነ። ሰዎች «ለማን ነው የሰጠው?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ቀልዱም እዚያው ሞተ። አሁን ወረቀቱን በኢንች 300 ነጥብ ስካን አድርጌ፣ ክሪታ በሚባለው ክፍያ በማይጠይቅ የኮምፒውተር የሥዕል ፕሮግራም ካጸዳሁት በኋላ፣ በስልክ አሳንሼ ሳላነበው አልለጥፍም። ቦታ ከጠበበኝ ቃል እቀንሳለሁ እንጂ ፊደል አላሳንስም፤ ጥራቱን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በፋይል መልክ እልካለሁ።

ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ፣ ጥጉ ላይ የነበረውን ፊርማዬን ቆርጦ ደላላዬን የራሱ አስመስሎ ለጥፎት ነበር። ጻፍኩላቸው፤ መልስ አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ስሜን የምጽፈው በደላላው ኮፍያ ላይ ነው፤ መቁረጥ የሚፈልግ ጭንቅላቱንም አብሮ ይቁረጥ።

በአሁኑ ጊዜ ታሪኩን እንደ ንግሥተ ሳባ ሸራ በ44 ክፍል እየሠራሁት ሲሆን 17ኛው ላይ ደርሻለሁ። ተከራዩ ገና ቤት አላገኘም።