ሞጁሉ ይቆይ

ሐዋሳ፣ ሐሙስ ማታ

ጠዋት ማኪያቶዬን ሳልጨርስ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። "ብሮ፣ እስቲ ይቺን እያት" አለኝ። ስክሪኑ ላይ የቴራፎርም ፕላን ተከፍቷል። ቴራፎርም ሰርቨርና ዳታቤዝ የመሳሰሉትን በኮድ ጽፈን ክላውድ (በኢንተርኔት የምንከራየው ኮምፒውተር) ላይ የምንፈጥርበት መሣሪያ ነው፤ ፕላኑ ደግሞ ምን ሊፈጥር፣ ሊቀይርና ሊያጠፋ እንደሆነ ቀድሞ ያሳያል። ዳታቤዙ ሊጠፋ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ሊፈጠር ነው ይላል። የደንበኛችን እውነተኛ ዳታ ያለበት ዳታቤዝ!

"ምን ነካካህበት?"

"ምንም። ወደ ሞጁል ብቻ ነው ያዛወርኩት።"

እውነቱን ነው፤ የዳታቤዙን ኮድ ወደ ሞጁል፣ ማለትም ከሌላ ቦታ እየተጠራ ደጋግሞ ወደሚያገለግል የኮድ ፎልደር፣ አዛወረው እንጂ አንዲት ኮንፊግ (ቅንብር) አልቀየረም። ቴራፎርም ግን ነገሮችን የሚያውቃቸው በአድራሻቸው ነው። የፈጠረውን በሚመዘግብበት ስቴት ፋይል ላይ እያንዳንዱ ሪሶርስ (እንደ ዳታቤዙ ያለ የተፈጠረ ነገር) አድራሻ አለው። ሪሶርሱ ሞጁል ውስጥ ሲገባ የሞጁሉ ስም ከፊቱ ይጨመርና አድራሻው ይለወጣል። ቴራፎርም በድሮው አድራሻ የተመዘገበውን ኮዱ ላይ ሲያጣው ይፍረስ ይላል። አዲሱን ስቴቱ ላይ ሲያጣው ደግሞ ይሠራ ይላል። አንድ ዕቃ መሆኑን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

የሚነገርበት መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ፣ ከ1.1 ቨርዥን ጀምሮ "ሙቭድ" (ተዛውሯል) የሚባል ብሎክ፣ ማለትም የኮድ ክፍል፣ መጥቷል። ከዚህ ተነስቶ እዚህ ገብቷል ብለህ በሁለት መስመር ትጽፋለህ። ጻፍንና ፕላኑን ደገምነው። የሚጨመር 0፣ የሚቀየር 0፣ የሚጠፋ 0። ልጁ ያን ጊዜ ተነፈሰ።

"ፕሪቬንት ዲስትሮይ" የሚባለው፣ ሪሶርስ እንዳይጠፋ የሚከለክለው የኮድ መስመር አልነበረበትም ወይ? ነበረበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ያ ጥበቃ የሚሠራው የሪሶርሱ ብሎክ በቦታው እስካለ ድረስ ነው። ብሎኩ ከድሮው ቦታ ሲነሳ ጥበቃውም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ለዳታቤዝ እኔ የማምነው በራሱ በክላውዱ በኩል የሚበራውን የስረዛ መከላከያ ነው። እሱ የኛን ፎልደር መለዋወጥ አያውቅም፤ አላጠፋም ካለ አላጠፋም ነው።

ከዚያ በኋላ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ጥያቄ ነበር። ዳታቤዙ አንድ ነው። የሚጠቀምበትም አንድ ሲስተም ነው። ታዲያ ለምን ሞጁል ሆነ?

ምሳ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ ጥብስ እየበላን ጠየቅኩት። "ነገ ሌላ ደንበኛ ቢመጣስ?" አለኝ። ቢመጣስ! ለሁለት ሰው ወጥ የድግስ ድስት አይጣድም። ሁለተኛው ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደሚፈልግ ዛሬ አናውቅም። የማናውቀውን ስንገምት የምንጽፈው ነገር ቫሪያብል፣ ማለትም ሞጁሉን የሚጠራው ሰው የሚሞላው ክፍት ቦታ፣ ይሆናል። የልጁ ሞጁል በቫሪያብል ብዛት ዳታቤዙን በቀጥታ ከመጻፍ ይረዝማል። የዲስኩ መጠን፣ የባክአፑ ሰዓት፣ ኢንክሪፕሽን (ዳታውን በሚስጥር ኮድ መቆለፍ) ይብራ አይብራ፣ ከውጭ ይገባ አይገባ፤ ሁሉም ለጠሪው ተትቷል።

እኔ እዚህ ላይ ግትር ነኝ። ሞጁል ማለት አንዳንድ ነገሮችን አንድ ጊዜ ወስኖ ሌላው ሰው እንዳይጨነቅባቸው ማድረግ ነው። ሁሉንም መልሶ ለጠሪው የሚጠይቅ ከሆነ ምኑን ወሰነ? ኢንክሪፕሽን ቫሪያብል መሆን የለበትም፤ በርቶ ይቀመጥ። ከየቦታው የሚለያየው፣ ስሙና መጠኑ፣ እሱ ቫሪያብል ይሁን። የቴራፎርም መመሪያም ቢሆን አንድን ሪሶርስ ብቻ የሚሸፍን ሞጁል አትጻፉ ይላል። ሞጁል ውስጥ ሞጁል መደራረብንም አይወደውም። አንዲት የአይፒ አድራሻ ፍለጋ ሦስት ፎልደር የወረደ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።

በሌላ በኩል ግን ልጁ ጨርሶ አልተሳሳተም። ሰርቨሩ፣ ሎድ ባላንሰሩ (ሥራውን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለው) እና የፋየርዎል ሕጎቹ (ማን ይግባ አይግባ የሚሉት) ለቴስት፣ ለስቴጂንግ (ለመጨረሻ ልምምድ) እና ለፕሮዳክሽን (ደንበኛው ለሚጠቀምበት) ሦስት ቦታ ኮፒ ተደርገው ተቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ጎን ለጎን ከፍተን አየናቸው። ቴስቱ ላይ የተዘጋ ፖርት (የኔትወርክ በር) ስቴጂንጉ ላይ ክፍት ነው። ሆን ተብሎ ይሁን ተረስቶ ማንም አያስታውስም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ወደ አንድ ሞጁል መሰብሰብ ያዋጣል። ሦስት ጊዜ ስለተጻፈ የሚለያየውና የማይለያየው ፊት ለፊት ይታያል፤ መገመት አያስፈልግም። እሱን ነገ ይጀምረው ብለን ተስማማን።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኩት። ሞጁሉን ከጊት (የኮዱ ቅጂዎች ከሚቀመጡበት) ስትጠራ ታግ፣ ማለትም የቨርዥን ምልክት፣ ጻፍበት። ካልጻፍክ ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና መስመር) ላይ በዚያ ሰዓት ያለውን ይወስዳል። ቨርዥን የሚቆልፈው ሎክ ፋይል ያድነኛል እንዳትል፤ እሱ የሚቆልፈው ፕሮቫይደሮችን (ቴራፎርምን ከየክላውዱ ጋር የሚያገናኙትን ፕለጊኖች) እንጂ ሞጁሎችን አይደለም። ያኔ ላፕቶፕህ ላይ በቆየው ኮፒ ሁሉ ነገር ሰላም ይሆንልሃል። በየጊዜው አዲስ የሚያወርደው ፓይፕላይን (ኮዱን በራሱ የሚያስኬደው ሲስተም) ግን ሌላ ሞጁል ይዞ ይሮጣል። ከዚያ "እኔ ጋ ይሠራል" መባባል ይመጣል።

ማውረድ ሲነሳ፣ የፕሮቫይደሩ ነገር አንገፍግፎኛል። የአማዞኑ ፕሮቫይደር በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ኮዱን በየፎልደሩ ስትከፋፍለው እያንዳንዱ ፎልደር "ኢኒት" (የማዘጋጃ ትእዛዙ) ሲባል እንደገና ያወርደዋል። ኔትወርኩ ሲደክም፣ መብራትም ሲሄድ፣ ቡና ተፈልቶ ያልቃል እሱ ግን ገና ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የፕለጊን ካሽ ፎልደር ፍጠርና በቴራፎርም ኮንፊግ ፋይልህ ላይ መንገዱን ጻፍለት። አንድ ጊዜ የወረደውን ሁሉም ይጋሩታል። ፎልደሩን ቀድመህ ራስህ መፍጠር አለብህ፤ እሱ አይፈጥርልህም። ልጁ ይህን ሲሰማ ከሙቭድ ብሎኩ በላይ ተደሰተ።

ልንወጣ ስንል "ዲኤንኤሱንም ሞጁል ላድርገው?" አለኝ። ያው ልጅ! የዌብሳይት ስምን ከአድራሻው የሚያገናኙ ሁለት ሪከርድ ናቸው፣ ተዋቸው አልኩት። "ነገ ሲበዙ ታየዋለህ" ብሎኝ ባጃጅ ውስጥ ገባ። አልተስማማንም። የፋየርዎሉ ሞጁል ግን ታግ ሳይኖረው ፕሮዳክሽን ላይ እንደማይገባ ተነጋግረናል። ስቴጂንጉ ላይ ያቺ ፖርት ለምን እንደተከፈተችም ነገ ጠዋት እሱ ይጠይቃል።