የክሬይ መንትዮች መጋዘን

ስለ ለንደን ወንበዴዎቹ ስለ ሮኒና ሬጂ ክሬይ ሲወራ ሽጉጡ ይቀድማል። እኔ መጋዘናቸውን ማየት ይሻላል እላለሁ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በ1933 ምሥራቅ ለንደን የተወለዱት መንትዮች በ1954 ማይል ኤንድ ሰፈር አንድ የቢሊያርድ ቤት ያዙ። ከዚያ ተነሥተው «ለጥበቃ» እያሉ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ትንንሹ ባለሱቅ በዕቃና በመጠጥ፣ ትልልቁ ክለብ በጥሬ ገንዘብ።

ዳጎስ ያለው ገንዘብ ግን «ሎንግ ፈርም» ከሚባለው ማጭበርበር ነበር። ስሙ ያልጎደፈ ሰው የጅምላ ንግድ ይከፍታል፤ መጋዘን ይከራያል። ለወራት ትንሽ ትንሽ ዕቃ በዱቤ እየወሰደ በቀኑ ይከፍላል። አቅራቢዎቹ ሲያምኑት ከሁሉም በአንድ ጊዜ ብዙ ያዛል፤ ዕቃው እንደገባ ከዋጋው በታች ይቸበቸባል። የዱቤው ቀን ሲደርስ መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ባለቤቱም የለም። የሚከስረው አምኖ የሰጠው ነጋዴ ነው። ትዕግሥትና ሒሳብ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ይህን የሚመራላቸው የገንዘብ አማካሪያቸው ሌስሊ ፔይን ነበር።

መመሳሰላቸውም ጠቅሟቸዋል። በ1958 እስረኛው ሮኒ ሎንግ ግሮቭ የአእምሮ ሆስፒታል ሳለ ሬጂ ሊጠይቀው ሄዶ ቦታ ተለዋወጡ። ሮኒ እንደ ጠያቂ ወጣ፤ ሬጂ ማንነቱን ሲናገር የሚይዙበት ምክንያት አጡ። በጠባይ ግን አይመሳሰሉም፤ ሮኒ ታስሮ ሳለ፣ በ1957፣ ቦው ላይ «ደብል አር» የተባለውን ክለብ የከፈተው ሬጂ ነው። ሬጂ ነጋዴ ነበር፤ ታማሚ ወንድሙን እምቢ ማለት ግን አልቻለም። ጥፋታቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በማርች 1966 ሮኒ ብላይንድ ቤገር መጠጥ ቤት ገብቶ የተቀናቃኝ ቡድን ሰው የነበረውን ጆርጅ ኮርኔልን በሰው ፊት ገደለ። አስተናጋጇ ለመለየት በተሰለፉት መካከል ስታየው «አይደለም» አለች፤ ፈርታ ነው። ቀጥሎ ፔይን ምስጢር እንዳያወጣባቸው ሠግተው፣ እንዲገድለው ለተከታያቸው ለጃክ ማክቪቲ 500 ፓውንድ ቀብድ ሰጡ። ማክቪቲ ቀብዱን በላ፤ ፔይንን አልነካውም። በኦክቶበር 1967 ሬጂ ሽጉጡ ሲከሽፍበት ማክቪቲን በቢላ ወግቶ ገደለው። ፔይን ደግሞ ሊያስገድሉት እንደነበር ሲሰማ ለመርማሪው ሊዮናርድ ሪድ የሚያውቀውን ሁሉ ዘረገፈ።

መንትዮቹ ውጭ እስካሉ ማንም እንደማይመሰክር ሪድ ገብቶት ነበር። ስለዚህ ሜይ 8 ቀን 1968 ንጋት ላይ ከነተከታዮቻቸው አፈሳቸው። ከታሰሩ በኋላ አስተናጋጇ ተናገረች፤ በ1969 ሁለቱም ዕድሜ ልክ፣ ከ30 ዓመት የማያንስ እስራት ተፈረደባቸው።